ከጨንቻ ቁልቁል

በ1970 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ ስንመረቅ ምደባው በዕጣ ነበር። ለእኔ ጋሞ ጎፋ ክፍለ ሀገር ወጣልኝ። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን አካባቢ ስለሆነ ደቡቡን በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። እናቴ የደረሰኝን ስትሰማ «ልጄ፣ እሱ ደግሞ በየት በኩል ነው?» አለችኝ። በእጄ ወደ ደቡብ አሳየኋት። «እንግዲህ እመብርሃን ትከተልህ» ብላ ስንቅ ማሰናዳት ጀመረች።

የዚያን ጊዜ መምህር አገሩን የሚያውቀው በዕጣ ነበር። የጎጃሙ ባሌ፣ የሐረሩ ወለጋ፣ የትግራዩ ሲዳሞ ይደርሰዋል። ከሄደ በኋላ ቋንቋ ይለምዳል፣ ያገባል፣ ይወልዳል፤ በክረምት ወላጆቹን ሊጠይቅ ሲመጣ የመንደሩ ሰው ስለማያውቀው አገር የሚሰማው ከእሱ አፍ ነው። ካርታ በሌለበት ቤት ሁሉ መምህሩ ራሱ የአገር ወሬ ነጋሪ ነበር።

ተማሪ ሳለን ጂኦግራፊን የተማርነው በዜማ ነው። በንጉሡ ዘመን 14ቱ ጠቅላይ ግዛቶች፣ በኋላ ክፍለ ሀገር የተባሉት፣ ከነዋና ከተማቸው በቃል ይወጡ ነበር። መምህራችን «አርሲ!» ሲሉ ክፍሉ ባንድ ድምፅ «አሰላ!» ይላል። «ባሌ!» «ጎባ!» «ከፋ!» «ጅማ!» «ወለጋ!» «ነቀምት!» እስከ ዛሬ አንዱም አልጠፋብኝም። ከእነዚህ ከተሞች ብዙዎቹን ያየሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ሆኖም ስማቸው በሬዲዮ በተጠራ ቁጥር የቤተሰብ ወሬ እንደምሰማ ሆኜ ጆሮዬን እሰጥ ነበር።

ዜማው ብቻውን ግን እንደማይበቃ የተማርኩት ጋሞ ጎፋ ውስጥ፣ ጨንቻ አጠገብ ነው። የተመደብኩበት ትምህርት ቤት አንድ የተቀደደ የኢትዮጵያ ካርታ ነበረው። ሉል አልነበረንም፤ ቅል አድርቀን አህጉራቱን በቀለም ሣልንበት። በግቢው ጥግ ደግሞ ከልጆቹ ጋር አገሪቱን በአፈርና በድንጋይ ሠራናት። ለሰሜን ተራሮች ትልልቅ ድንጋይ ተሸክመው አመጡ፤ የስምጥ ሸለቆውን በዶማ ቆፈሩት፤ ጣናንና ሻላን በጣሳ ውሃ ሞሏቸው። በየክረምቱ ዝናቡ ያፈርሰዋል። መስከረም ላይ የሚመጡት አዲስ ተማሪዎች እንደገና ይሠሩታል። ዝናቡ ከተራራው ያጠበው አፈር ሸለቆውን ሞልቶ ሲያገኙት የአፈር መሸርሸርን ለማስረዳት ሌላ ምሳሌ አላስፈለገኝም።

ትልቁ ትምህርት ግን ከግቢው ውጭ ነበር። ጨንቻ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ከፍ ያለ ደጋ ነው፤ አርባ ምንጭ ግን 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ቆላው ውስጥ ትገኛለች። በመሀላቸው ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም። አንድ ቅዳሜ ከተማሪዎቼ ጋር በእግር ቁልቁል ወረድን። ስንነሣ ጉም ነበር፤ ልጆቹ ቡልኮ ተከናንበዋል፤ መንገዱ ግራና ቀኙ እንሰትና ገብስ ነው። ከፍታው በ1,000 ሜትር በቀነሰ ቁጥር ሙቀቱ 6.5 ዲግሪ ገደማ እንደሚጨምር ክፍል ውስጥ ነግሬያቸው ነበር። እዚያ ግን መናገር አላስፈለገኝም፤ ቡልኳቸውን እያወለቁ በትከሻቸው ጣሉት። እንሰቱ ቀርቶ በቆሎ መጣ፤ ከዚያ ሽፈራው፣ ሙዝና ማንጎ። ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ የሚባሉትን በገዛ እግራቸው ተሻገሯቸው።

ሁለቱ ሐይቆች አንድ ላይ ከሚታዩበት ገደል አፋፍ ላይ አረፍን። አባያ ቀላ ያለ ነው፤ ጫሞ ግን ወደ ሰማያዊ ያደላል። አንድ ልጅ «ጋሼ፣ ጎረቤት ሆነው ለምንድን ነው መልካቸው የተለያየው?» ሲል ጠየቀኝ። የብላቴ ወንዝ ከሰሜን፣ የሃሬ ወንዝ ደግሞ ከእኛው ተራራ እየወረዱ አፈር ተሸክመው አባያ ውስጥ እንደሚገቡ ነገርኩት። ጥቂት ዝም ብሎ አየና «እንግዲያ እዚያ ውስጥ ያለው የአባቴ ማሳ ነው» አለኝ። መጽሐፉ በአንድ ምዕራፍ የሚያስረዳውን እሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰው። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም የኢትዮጵያን ጂኦግራፊ ለብዙ ዓመታት ካስተማሩና ከጻፉ በኋላ የደረሱት እዚሁ ገበሬው ላይ ነው፤ ስለ አገሪቱ መሬት ያላቸውን ዕውቀት ገበሬው ለምን እንደሚራብ ለመመርመር አውለውታል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። ያቺው ጨንቻ መጀመሪያ በጋሞ ጎፋ ክፍለ ሀገር ነበረች፤ በደርግ መጨረሻ በሰሜን ኦሞ ሥር ሆነች፤ ከዚያ በደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ውስጥ ሆነች፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ናት። በልጅነታችን 4,620 ሜትር ብለን የሸመደድነው ራስ ዳሽንም በአዲሱ ልኬት 4,550 ሜትር ገደማ ሆኗል። አቢያታ ሐይቅ ከቀድሞ ዳርቻው ርቆ ሸሽቷል። ኤርትራ ራሷን ከቻለች በኋላ የአገሪቱ ካርታ ራሱ ባሕር አልባ ሆነ። ቁጥርና ስም በየጊዜው ይታደሳል። ውሃው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚገባ የሚያውቅ ልጅ ግን ስሙ ቢቀየርም አይጠፋውም።

በዘመኑ መልካም የሆነውን መልካም ማለት ተገቢ ነው። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማራሉ፤ ትምህርቱም ከአካባቢ ሳይንስ ይጀምራል። እኔ ጨንቻ ስገባ አንደኛ ክፍል የተቀመጠው ሕፃን የምናገረውን አማርኛ አይሰማም ነበር። ዛሬ መምህሩ በልጁ ቋንቋ ያስረዳዋል፤ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ከቅርብ ተነሥቶ ወደ ሩቅ መሄድም ትክክለኛው የማስተማር መንገድ ነው።

የሚያሳዝነኝ ብዙ ልጆች ከቅርቡ ተነሥተው ሩቁ ሳይደርሱ መቅረታቸው ነው። መምህሩም ተማሪውም መጽሐፉም ከአንድ ክልል ሲሆኑ ከክልሉ ድንበር ማዶ ያለው ሰው በዜና ላይ ብቻ የሚሰማ ይሆናል፤ ዜናው ደግሞ ብዙ ጊዜ ደግ አይደለም። ቅርቡም ቢሆን በሚገባ አልታወቀም። በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ግቢ በሲሚንቶ የተሠራ፣ ቀለም የተቀባ የኢትዮጵያ ካርታ አያለሁ። ዙሪያው ታጥሯል፤ ልጅ አይነካውም። በከተማ ደግሞ ግቢ የሚባል ነገር የሌላቸው፣ በፎቅ ላይ ያሉ ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው።

የልጅ ልጄ አዲስ አበባ ቀበና ወንዝ አጠገብ ትኖራለች። ጎበዝ ተማሪ ናት፤ የለንደንን ስታዲየሞች በስልክ ካርታ ላይ በአንድ ጊዜ ታገኛቸዋለች። አንድ ቀን ድልድዩ ላይ ቆመን «ይህ ውሃ የት ነው የሚሄደው?» አልኳት። «ቆሻሻ እኮ ነው፣ አባባ!» አለችኝ። የጠየቅኋት ሌላ ነበር፤ ነገር ግን ስለ ወንዙ የሰማችው ይህንኑ ብቻ ነው። ስልኩን ተቀብዬ አብረን ተከተልነው። ቀበና ወደ ታላቁ አቃቂ፣ አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያ ወደ አዋሽ፤ አዋሽ በቆቃ፣ በመተሐራ አድርጎ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። መንገዱ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጣቷን አፋር ላይ እንዳደረገች «እዚያ ያሉ ሰዎች የኛን ቆሻሻ ነው የሚጠጡት?» ብላ ጠየቀችኝ። ከብቶቻቸው ከዚሁ ወንዝ እንደሚጠጡ ነገርኳት።

ስለዚህ ስልኩን አልወቅስም። ያን ጊዜ በጣሳ ውሃና በድንጋይ ልናሳይ የደከምንበትን ስልኩ በደቂቃ ያሳያል። የጎደለው ጠያቂ ነው፤ ልጁን ከደጁ አስነሥቶ አገሪቱ ዳርቻ ድረስ የሚወስደው መምህር ነው።

ለዛሬ መምህራን የምለው አለኝ። ክፍላችሁ የቱንም ያህል ቢጨናነቅ በወር አንድ ክፍለ ጊዜ ልጆቹን ወደ ውጭ አውጧቸው፤ በአቅራቢያችሁ ያለውን ወንዝ አሳዩአቸውና መጨረሻው የት እንደሆነ ፈልገው እንዲነግሯችሁ አድርጉ። የትምህርት ቢሮዎችም ይህን እንደ ሽርሽር አይቁጠሩት፤ በዓመቱ ዕቅድ ውስጥ ያስገቡት፤ የአንዱ ክልል ልጅ የሌላውን ክልል ልጅ አገር በስምም በመልክም እንዲያውቅ መጽሐፍ ይለዋወጡ። ወላጆች ደግሞ በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡና «ይህ ውሃ የት ይገባል?» ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱንም አብራችሁት ፈልጉ።