የጥሊሊ ክረምት፤ ፊልምና የዘንገና ዳርቻ

በውጭ አገር ፊልሞች ውስጥ የዕረፍት ወራት በተነሣ ቁጥር ፀሓይ፥ አሸዋና ባሕር አብረው ይነሣሉ። ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ባሕር ዳርቻ ይወርዳል፤ ሲመሽም ሲኒማ ይገባል። በአገራችን ግን ትምህርት ቤት የሚዘጋው ዝናቡ በሚበረታበት በሐምሌና በነሐሴ ነው። እንግዲያውስ ፊልምንም የውሃ ዳር ሽርሽርንም የሚወድ መምህር ዕረፍቱን እንደ ምን አድርጎ ያሳልፈው? እኔ መልሱን ያገኘሁት ከወላጆቼ ቤት፥ ከጥሊሊ ነው።

ጥሊሊ በአዊ ዞን የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስና በቡሬ አልፎ ወደ እንጅባራ፥ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መንገደኛ ሁሉ ያልፍባታል። አገሩ ደጋ ነው፤ ገብስና ድንች ይበቅልበታል፥ ፈረስም ይከበርበታል። በገበያዋ አማርኛና አዊኛ አብረው ይሰማሉ። ክረምት የገባ እንደሆነ ጉሙ ከመንደሩ ላይ ቶሎ አይነሣም፤ ጋቢም ከትከሻ አይወርድም። እንዲህ ላለው ቀን ከምድጃ ዳር ተቀምጦ ፊልም ከማየት የሚሻል ምን አለ?

የእኛ ሲኒማ ቤት ሳሎናችን ነው። በጥንት ጊዜ የአዲስ አበባ ሰው ሲኒማ ቤቱን «ሰይጣን ቤት» ብሎ ይጠራው እንደ ነበር ይነገራል። ዛሬ ያ ሰይጣን ከአውራ ጣት በምታንስ ፍላሽ ውስጥ ገብቶ ከእኔ ጋር በአውቶቡስ ጥሊሊ ይወርዳል። መብራት ባለ ቀን ላፕቶፑ ከጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ እናቴ ድንች ትቀቅላለች፤ የጎረቤት ልጆችም ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ይገባሉ።

ከምወዳቸው ፊልሞች አንዱ የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺ ዓመት» ነው። የጎንደሩ ተወላጅ ይህን ፊልም የዘውዱ ሥርዓት በሚወድቅበት ሰሞን፥ በጥቁርና ነጭ፥ በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ አነሣው። ልጆቹ ግን አብልጠው የሚወዱት በ2007 ዓ.ም. በካን የፊልም ፌስቲቫል የታየውን የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» ነው። በዚያ ፊልም ኤፍሬም የተባለ ልጅ እናቱን በድርቅ ያጣል፤ አባቱም ከዘመድ ዘንድ ትቶት ሥራ ፍለጋ ይሄዳል። ልጁ የቀረችውን በጉን ከቢላዋ ለማዳን ሲጥር ሳሎናችን ጸጥ ይላል።

በእኛ ቤት ነገር ያመጣው ግን «ጤዛ» ነው። ይህ የኃይሌ ገሪማ ፊልም በ2001 ዓ.ም. በዋጋዱጉው ፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት አግኝቷል። አንበርብር የተባለ ምሁር ከጀርመን ተመልሶ በጣና አጠገብ ወዳለው የእናቱ መንደር ሲገባ፥ ጎረምሶቹ ከውትድርና አፈሳ ሸሽተው በዋሻ ተደብቀው ያገኛቸዋል። እናቴ እዚህ ላይ ስትደርስ መቀቀያውን አስቀመጠችና «ይህስ ፊልም አይደለም» አለች። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በ1975 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ታላቅ ወንድሟ ቆጥ ላይ ተደብቆ እንደ ከረመ ያን ማታ ሰማን። እኔ በዩኒቨርሲቲ ታሪክ ተምሬ የተመረቅሁ ሰው ይህን የቤታችንን ታሪክ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም ነበር።

የቀረውን የነገረችን ዘንገና ዳር ነው። ዘንገና በከሳና በእንጅባራ መካከል ከአውራ ጎዳናው አጠገብ የሚገኝ፥ ክብ ለመሆን ጥቂት የቀረው ሐይቅ ነው። አፈጣጠሩም በእሳተ ገሞራ ነው፤ የቀለጠው ዐለት ከምድር ውስጥ ውሃ ጋር ሲገናኝ እንፋሎቱ መሬቱን አፈንድቶ የከፈተውን ጉድጓድ ውሃ ሞላው። ከዚህም የተነሣ እንደ ባሕር ዳርቻ ቀስ እያለ የሚጠልቅ አሸዋ የለውም፤ ዳሩ ቁልቁል ነው፤ ልጆችን በእጅ መያዝ ያስፈልጋል። ዝናቡ ረፋዱ ላይ ጋብ ሲል በሚኒባስ ሄደን ዛፎቹ ሥር ዳቦ እንቆርሳለን፤ ጉሙ ሲገለጥ ውሃው ከሥር ብቅ ይላል። አጎቴ በሌሊት ከቆጡ ወርዶ እንደ ሄደና ሳይመለስ እንደ ቀረ እናቴ የነገረችን ወደ ውሃው እያየች ነው።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ግን ዘንገና ቅርብ ሆኖ ሳለ ራቀን። ሐምሌ 28 ቀን በአማራ ክልል ስላለው ግጭት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ጥሊሊንም ከሐይቁ የሚያገናኘው ጎዳና ጭር አለ። ሽርሽር የሚያነሣ ሰው አልነበረም። ፊልሞቹ በፍላሽ ስለ ነበሩ ማየቱ አልቀረም፤ ነገር ግን የጎረቤት ልጆች ሳይመሽ መጥተው ሳይመሽ ይመለሱ ነበር። አንድ ቀን «ጤዛ»ን ልከፍት ስል እናቴ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላውን ታናሽ ወንድሜን አየት አድርጋ፥ «ዘንድሮ እሱን ተወው ልጄ፤ በጓን አሳየን» አለችኝ። በጓን አየን።

አንባቢ ሆይ፥ ፊልም ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን የምመክርህ ይህን ነው። ተማሪም ሆንህ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ፥ ለዕረፍት ወደ ወላጆችህ ስትሄድ ከልብስህ ጋር አንድ የአገርህን ፊልም ያዝ። ብቻህን በጆሮ ማዳመጫ አትየው፤ ከአባትና ከእናትህ መካከል ተቀምጠህ እየው። ሲያልቅም ቶሎ አትዝጋው፤ የሚናገር ሰው እንዳለ ጥቂት ጠብቅ። መንገዱም ሰላም በሆነ ጊዜ በጥሊሊ በኩል ካለፍህ፥ ከከሳ በኋላ ሾፌሩን አስቁመህ ዘንገናን ሳታይ አትለፍ።