ወተት በጉንጬ የት ትገባለች?

አክስቴ የጤና ኤክስቴንሽኗን ልጅ ያፋጠጧት በጥቅምት፣ ቆቦ ውስጥ፣ የሰፈሩ ሴቶች በጋራ በሚያለሙት ጓሮ ነው። እኔ እንግዳ ስለሆንኩ «ቲማቲም ልቀም» ተብዬ ጎንበስ ብያለሁ። ልጅቱ ያቺን ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ የምናውቃትን ሥዕል ከፓፓያው ግንድ ላይ ሰቅላ ታስተምራለች፤ ኃይል ሰጪ፣ ገንቢ፣ በሽታ ተከላካይ። ጎመኑና ቲማቲሙ ተከላካይ ሆኑ። እንቁላሉ ገንቢ ሆነ። ማሽላ ያለ ክርክር ኃይል ሰጪ ተባለ።

«ሁሉም ማሽላ?» አሉ አክስቴ።

«አዎ እማማ፣ ሁሉም።»

«ወተት በጉንጬስ የት ትገባለች? ወተት ገንቢ ነው ብለሽ የለም?»

ሴቶቹ ሳቁ፤ ልጅቱም ሳቀች። እኔ ግን ቲማቲም በእጄ እንደያዝኩ ቀረሁ። ይህን ስም የሆነ ቦታ፣ ያውም በፈረንጅ ፊደል ተጽፎ አይቼዋለሁ። አዲስ አበባ ስመለስ የመጀመሪያ ሥራዬ እሱን ማሳደድ ሆነ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ማሽላ ሆድ ይሞላል እንጂ ፕሮቲኑ ላይሲን የሚባለው ነገር ይጎድለዋል። ሰውነት ደግሞ ላይሲንን ራሱ መሥራት ስለማይችል ከምግብ ካላገኘ የለውም። አሜሪካ ውስጥ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ሁለት ተመራማሪዎች «ከዓለም ማሽላ ሁሉ ይህ የማይጎድለው ይኖር ይሆን?» ብለው ከየአገሩ የተሰበሰበ ወደ 9,000 የሚጠጋ ዓይነት ዘር አበጠሩ። አንደኛው ራሜሽዋር ሲንግ ነው። ሁለተኛው ጆን አክስቴል ይባላል፤ ስሙን እኔ አላመጣሁትም። በ1973 እ.ኤ.አ. ውጤቱን ሲያሳትሙ ከዚያ ሁሉ ክምር የተገኙት ሁለት ነበሩ፤ ሁለቱም ከኢትዮጵያ፣ ከወሎ። በተራው ማሽላ ከ100 ግራም ፕሮቲን ውስጥ ላይሲኑ 2 ግራም ገደማ ነው፤ በእነዚህኞቹ 3 ግራም አልፎ ተገኘ። መዝገቡ ላይ አይኤስ 11167 እና አይኤስ 11758 ይባላሉ፤ እንደ ታራሚ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። አገር ቤት ግን እንዲህ ያሉት ማሽላዎች ስም ነበራቸው፤ ወተት በጉንጬ እና ማር ጩቄ።

አክስቴና አክስቴል ተስማሙ ማለት ነው።

ዓመተ ምሕረቱን ልብ ያለ አንባቢ ግን ሳቁ ይቆረጥበታል። 1973 እ.ኤ.አ. በእኛ 1965 እና 66 ነው፤ ወሎ በረሃብ የረገፈበት ጊዜ። የወሎ እህል ከማሽላ ሁሉ ለሰውነት የሚበጅ መሆኑ በታተመበት ዓመት፣ የወሎ ሰው የሚበላው አጥቶ መንገድ ዳር ወድቆ ነበር። አክስቴ ያንን ጊዜ «ያ ክፉ ቀን» ብለው ያልፉታል። እኔም እዚህ ላይ አልጨምርም።

አንድ ቂምም አለኝ። ፈረንጆቹ ስሙን ሲተረጉሙት «ወተት በአፌ» ብለው ጻፉት። አፍ! ጉንጭና አፍ አንድ ናቸው እንዴ? እሸት በልቶ የሚያውቅ ይፍረደኝ። የማሽላው ራስ ተቆርጦ ፍም ላይ ይለበለባል፣ በመዳፍ ይታሻል፣ ገለባው እፍ ይባላል፣ ከዚያ ጭብጡ በአንድ ጊዜ ይቃማል። ማንም ቶሎ አይውጠውም። ወደ አንድ ወገን ገፋ ያደርጉትና ቀስ እያሉ ወተቱን ይጨምቁታል። አፍ መግቢያ በር ነው፤ ጎተራው ጉንጭ ነው።

እንዲያውም ስሙን ያወጡት ወፍ ጠባቂ ልጆች ናቸው የሚል የራሴ መላ ምት አለኝ። ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ የያዘ ልጅ አፉ ለጩኸት ይፈለጋል፤ ዝም ካለ ወፉ ማሳውን ይጨርሰዋል። እሸቱን መተው ደግሞ አይሆንለትም። ስለዚህ እሸቱ ወደ ጉንጭ፣ ጩኸቱ ወደ ወፉ። ማስረጃዬ ራሴ ነኝ፤ አጎቴ ከማማ ያወረዱኝ «ከወፉ ይልቅ አንተ ጎዳኸኝ» ብለው ነው።

የእርሻ ባለሙያ የሆነ ጓደኛዬ ይህን ብነግረው እጁን አወናጨፈ። «ማንኛውም ማሽላ ሳይጠና ወተት አለው፤ ስሙ የጣዕም እንጂ የላይሲን አይደለም» አለኝ። ለጊዜው አኮረፍኩ፤ ሳጣራው ግን ግማሹ እውነት ነው። ላይሲኑን ከፍ የሚያደርገው የዘር ባሕርይ የፍሬውን ስታርች ይቀንሰዋል። ፍሬው ይጨማደዳል፣ ስኳሩ ግን ጎልቶ ይቀራል። ገበሬው የመረጠው ጣፋጩን ነው፤ ላይሲኑ ሳይጠራ ተከትሎ ገባ። ለጓደኛዬ ይህን አላመንኩለትም፤ እዚህ ጽፌ ዝም ማለትን መርጫለሁ።

ጭምድድ ፍሬ ኩንታል አይሞላም። ስለዚህ ማንም ወተት በጉንጬን ብቻ ዘርቶ ዓመቱን አይዘልቅም፤ ከሌላው ማሽላ ጋር ጥቂት አገዳ ጣል ይደረጋል እንጂ። አክስቴም ከጓሮው ዳር፣ ከጎመኑ መደብ ጀርባ ያበቀሉት ቢቆጠር ሃያ አይሞላም። በቆቦ ሜዳ የጉድጓድ ውኃ የሚጠጣው ሽንኩርትና ቲማቲም በአይሱዙ ተጭኖ ይሄዳል። ይህቺ ግን ለገበያ አይደለችም፤ ለቤት ልጅ ናት።

የዘሩ ጉዞ አንድ የሚገርም መመለሻ አለው። ያው አክስቴል ከአለማያ እርሻ ኮሌጅ የወጣ አንድ ወጣት ወስዶ አስተማረ፤ ገቢሳ እጄታ። ገቢሳ በ1978 እ.ኤ.አ. ፐርዱ ዶክትሬቱን ያዘ፤ አቀንጭራ የተባለውን አረም የሚቋቋም ማሽላ አውጥቶ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበለ። አገራችን ከገቡት ከእነዚያ ዝርያዎች አንዱ አብሽር ሲባል ሌላው ጎብዬ ይባላል። ከቆቦ ወደ ወልዲያ ስትሄዱ ጎብዬ የምትባል ከተማ አለች፤ ስሙ ከዚያ መወሰዱን እኔ በበኩሌ አልጠራጠርም። ወሎ ዘር ላከች፣ ስሟ ተመለሰላት።

ይህን ሁሉ ይዤ ልጅቱ ተሳስታለች ልል አልችልም። ከተራራው ማዶ ባለችው በሰቆጣ ስም የተጠራው የመንግሥት ቃል ኪዳን በ2007 ዓ.ም. ሲታወጅ፣ የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. እናጥፋ ብሎ ነው፤ ለዚያ ሃያ አገዳ አይበቃም። ከማሽላ የጎደለው ላይሲን ባቄላና ሽምብራ ውስጥ ሞልቷል። የማሽላ እንጀራ በሽሮ የሚበላ ቤት ሥዕሉን ሳያይ ግማሽ መንገድ ሄዷል። እንቁላሏ ትጨመርበት፣ ጎመኑም።

ከቆቦ ልወጣ ስል ልጅቱ ለቀጣዩ ትምህርት መጣች። አክስቴ ነገር አይረሱም፤ ትኩስ እሸት አሽተው መዳፏ ላይ አፈሰሱላትና «እንግዲህ ንገሪኛ፣ የት ትገባለች?» አሏት። ልጅቱ ቃመችው። ልትመልስ ሞከረችና አልቻለችም፤ በጣቷ ያበጠ ጉንጯን አሳየች።