«መብራት» የምንለው ነገር

ስም ማውጣት እናውቅበታለን፤ አንዳንዴ ግን ያወጣነው ስም መልሶ እኛኑ ያሳስተናል። ኤሌክትሪክን «መብራት» አልነውና አረፍነው። መብራት ሄደ፣ መብራት መጣ፣ የመብራት ክፈሉ፣ የመብራት ሰው ጥሩ። መሥሪያ ቤቱ እንኳ ስንት ጊዜ ስሙን ለዋውጦ፣ በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሎ አንዱ «ኤሌክትሪክ ኃይል» ሌላው «ኤሌክትሪክ አገልግሎት» ከተባለ በኋላም፣ በሰፈራችን አፍ ያው «መብራት ኃይል» ነው። የዓባይ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ 5,150 ሜጋዋት ሲባል ስንሰማ ብዙዎቻችን በዓይነ ሕሊናችን የታየን አምፑል ነው። ምጣድ የታየው ካለ እጁን ያውጣ።

ታዲያ ስሙ ምን አጠፋ ትሉኝ ይሆናል። ብዙ አጥፍቷል። ዓይናችንን ኮርኒስ ላይ ሰቅሎ አስቀርቶታል። ቁጠባ ሲባል አምፑል ማጥፋት፣ ባለሙያ ሲባል አምፑሉን ያበራ ሰው፣ ችግር ሲባል ደግሞ ጨለማ ብቻ ይመስለናል።

ከዩኒቨርሲቲው ወጥታችሁ ሰፈር ውስጥ ቤት የተከራያችሁ ሁሉ ይህን ታውቁታላችሁ። እኔ ያለሁበት ግቢ ሰባት በር ነው፤ ቆጣሪው ግን አንድ። አከራያችን እትዬ መልካም ሴት ናቸው፤ ቡና ሲያፈሉ ሳይጠሩኝ አይጠጡም። ነገር ግን ከምሽቱ አራት ሰዓት ሲሆን በመስኮቴ ሥር ይመጡና፣

«አንተ ልጅ፣ ይኸ መብራት ላንተ ብቻ ነው እንዴ የተሠራው? አጥፋና ተኛ እንጂ!» ይላሉ።

«እትዬ፣ ፈተና አለብኝ።»

«ፈተናውስ ቆጣሪው ላይ ነው!»

አንድ ቀን በደብተሬ ጀርባ ሒሳቡን ሠራሁት። የማነብበት አምፑል 9 ዋት ነው። በቀን አራት ሰዓት ቢበራ በወር 30 ቀን አንድ ኪሎዋት ሰዓት ከትንሽ ሽርፍራፊ ጋር ይፈጃል። ማድ ቤት ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ 3,500 ዋት ነው፤ ያንኑ ያህል ለመብላት የሚበቃው 18 ደቂቃ ከግማሽ ነው። ልብ በሉ! ወር ሙሉ እንቅልፌን አጥቼ ያነበብኩበት መብራት፣ ምጣዱ ገና ግሎ የመጀመሪያዋ እንጀራ ዓይን አውጥታ ሁለተኛዋ ሳትሰፋ ያልቃል። ለሁለት ሰዓት ጋገራ የሚሄደው 7 ኪሎዋት ሰዓት የእኔን አምፑል ሌት ተቀን ሳይጠፋ ከአንድ ወር በላይ ያበራው ነበር።

ይህን ስነግራቸው እትዬ ሳቁና፣ «ታዲያ አምፑልህን ትበላለህ?» አሉኝ። መልስ የለኝም። እንጀራ እንጀራ ነው።

ደግሞ እውነት ለመናገር ሴትዮዋ ከንቱ አይጮሁም። የጥንቱ ባለ 60 ዋት አምፑል በነበረበት ዘመን የተማሩት ቁጠባ ነው፤ ያኔ ልክ ነበሩ። ዛሬም ቢሆን ከተከራዮቹ አንዱ 1,000 ዋት ምድጃ አልጋ ሥር ደብቆ በየማታው ግማሽ ሰዓት ቢያነድ፣ በወር 15 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው፤ የእኔን አምፑል አሥራ አራት ጊዜ ያጥፋል። ጠረኑ ግን በመስኮት አይታይምና ዱላው የሚያርፈው ብርሃን ያለበት ቤት ላይ ነው።

ሌላም አለ። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ መሰላል ነው፤ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ያለው ደረጃ ርካሹ ነው፣ ከ500 በላይ የወጣ ደግሞ ለእያንዳንዷ ኪሎዋት ሰዓት ውዱን ይከፍላል። ደሀውን ለመርዳት የታሰበ ነው፤ መልካም ነው። ግን ሰባት ደሀ ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲደመር በታሪፉ ዓይን አንድ ሀብታም ቤት ይመስላል። ወር በገባ ቁጥር በግቢያችን የሚነሳው ጭቅጭቅ ግማሹ የሰው ክፋት ሳይሆን የዚህ ሒሳብ ሥራ ነው።

ቁጠባን በእውነት የምታውቀው የማድ ቤቷ ልጅ ነበረች። የእትዬ የሩቅ ዘመድ ናት፤ ከገጠር መጥታ ቀን ትጋግራለች፣ ማታ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ሊጡ ኩፍ ብሎ ሳይዘጋጅ ምጣዱን አትሰካም። አንዴ ከጋለ በኋላ የጎረቤትም የእኛም ሊጥ ተሰልፎ ይጠብቃል፤ ቀዝቅዞ እንደገና እንዲግል አትፈቅድም። ሁለት እንጀራ ሲቀራት ትነቅለዋለች፤ ሸክላው በያዘው ሙቀት የቀሩት ይበስላሉ። ማንም አላስተማራትም፣ ማንምም አላመሰገናትም። ይህቺው ልጅ ናት እንግዲህ ምጣዱ የሚነዝራት።

«ነዘረኝ» የምንላት ቃልም ራሷ ቀላል ናት፤ እንደ ብርድ፣ እንደ ጉንፋን። በስንቱ ቤት ከምጣዱ አጠገብ የላስቲክ ጫማ ወይም ሳንቃ ይቀመጣል። ምንድን ነው ቢባል «እንዳይነዝር» ይባላል። ለዝንብ መከላከያ የተቀመጠ ነው የሚመስለው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት፣ አንድ ዝናባማ ቅዳሜ፣ ልጂቱ ጮኻ ስንሮጥ ወለሉ ላይ ወድቃ፣ የሊጡ ማሰሮ ተሰብሮ አገኘናት። እግዚአብሔር ይመስገን ተነሳች። ለሁለት ቀን ያህል ግራ እጇን ስታሸው አየኋት። የግቢው ፍርድ «ጫማ አላደረገችም» የሚል ነበር።

እትዬ ግን ደንግጠዋልና ባለሙያ ተጠራ። የመጣው ጎልማሳ ቴስተርና ፒንሳ በኋላ ኪሱ ሰክቶ፣ በስልክ እያወራ ነው የገባው። ቴስተሩን ሶኬት ውስጥ አስገባ፤ ቀይ በራ፤ «ደህና ነው» አለ። ፊውዙ እየተቃጠለ እንደሚያስቸግር ሲነገረው ከሽቦ ቁራጭ ወፈር ያለውን መዝዞ አሰረበት። «ከእንግዲህ አይቃጠልም» አለ፤ እውነቱን ነው፣ አይቃጠልም። የሚቃጠለው ቤቱ ነው። ፊውዝ ማለት እኮ ሽቦው በግድግዳ ውስጥ ከመጋሉ በፊት ቀድሞ እንዲሞት የተቀጠረ ቀጭን ሽቦ ነው፤ ወፍራም ካደረጉለት ሥራውን ለግድግዳው አስረከበ ማለት ነው። ሰውየው በሃያ ደቂቃ ጨርሶ፣ የሳሎኑን አምፑል ቦግ እልም አድርጎ አሳይቶ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ሁላችንም ቀና ብለን አምፑሉን አየን። በራ። «ጎበዝ ልጅ ነው» ተባለ። ስለ ምጣዱስ? «ጫማ ታድርግ» ብሎ ነበር ሲወጣ።

እዚህ ላይ ነው ስሙ ያሳስተናል ያልኩት። አምፑል መብራቱ ስለ ሥራው ምንም አይናገርም። በፌስታል የተጠቀለለ መጋጠሚያም አምፑል ያበራል። ሽቦውን እንዲያው በጥፍሩ አጠማዝዞ የለቀቀውም ያበራል፤ ላላ ያለው መጋጠሚያ ውስጥ ውስጡን እየጋለ፣ ኮርኒሱን እያጠቆረ፣ አምፑሉ ግን ይስቃል።

ሁለተኛውን ባለሙያ ያመጣቸው ከተከራዮቹ አንዱ፣ ግንበኛው ነው። ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ሲገቡ ሳሎን ግቡ ቢባሉ አልገቡም።

«ምጣዱ ላይ የምትቆመው ማን ናት? እስቲ እሷን ጥሩልኝ» አሉ።

ልጂቱ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። ከዚያ ቀን በፊት ስለ ኤሌክትሪክ ማንም ጠይቋት አያውቅም።

«ልጄ፣ መቼ መቼ ነው የሚነዝርሽ?»

«ዝናብ ሲሆን ይብሳል አባባ። ሊጥ ጠርዙ ላይ ሲፈስም።»

«ያን ለት የወደቅሽ ጊዜ ምን ይዘሽ ነበር?»

«በአንድ እጄ ክዳኑን፤ በሌላው ቧንቧውን ልዘጋ ስል።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ በደረት በኩል ነው የሚያልፈው፤ ልብ ያለው እዚያ ነው። ይህን ለእሷ አልነገሯትም፣ በኋላ ለእኔ ነው የነገሩኝ።

ከዚያ ዋናውን አጠፉ። ማጥፋታቸውን አላመኑም፤ ቴስተራቸውን መጀመሪያ የሚሠራ ሶኬት ላይ ሞክረው፣ አጥፍተው፣ እንደገና ሞክረው ነው እጃቸውን ያስገቡት። የምጣዱን ሶኬት ፈቱና አሸተቱት። እኛንም አሸተቱን፤ የተጠበሰ ፕላስቲክ ይሸታል። ሽቦው 1.5 ነበር፣ የአምፑል ሽቦ። ምጣዱ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ያንን በአምፑል ሽቦ መጎተት ጭነት በጥጃ ማስጎተት ነው አሉ። የባሰው ግን ሦስተኛው ነው። የምጣዱ መሰኪያ ሦስት እግር አለው፣ ሶኬቱም ሦስት ዓይን አለው፤ ሦስተኛው ዓይን ግን ከምንም ጋር አልተያያዘም። ከኋላው የተቆረጠች ሽቦ ጫፏ በናስትሮ ተጠቅልላ ተኝታለች። ኧርዝ የሚሉት እሱ ነው፤ ላሜራው ላይ ያመለጠው ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ። መንገዱ ሲቆረጥ በልጂቱ በኩል ይወርድ ነበር።

እትዬ ተቆጡ። «ፊውዝ አለ፣ ብሬከር አለ፣ እሱ አይቆርጠውም እንዴ?»

«እመቤቴ፣ ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው እንጂ ሰውን አይደለም» አሏቸው።

ይህን ንግግር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ባለ 16 አምፔር ብሬከር 16 አምፔር እስኪያልፍ ዝም ብሎ ያያል። ያቺ የማነብባት አምፑል የምትስበው ቢያንስ 40 ሚሊአምፔር ነው፤ ያንኑ ያህል በደረት ቢያልፍ ሰውን ለመግደል ሊበቃ ይችላል። ለሰው የተሠራው ሌላ ዓይነት ነው፤ ኧርዝ ሊኬጅ ይሉታል። የሄደውንና የተመለሰውን ኤሌክትሪክ ያስተያያል፣ 30 ሚሊአምፔር ያህል ከጎደለ ከግማሽ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ይቆርጣል። እሱ ካልተገባና ኧርዙ ካልተቀበረ ሥራውን አልሠራም አሉ ሽማግሌው። አሥር ጊዜ ተለመኑ፣ «ሶኬቱን ብቻ ቀይርልን» ተባሉ፤ ዕቃቸውን ከረጢት ውስጥ መክተት ጀመሩ። እኔ ያመንኳቸው ያኔ ነው። ሥራ እምቢ የሚል ሠራተኛ በዚህ ኑሮ ውድነት!

ከዚያ ወዲያ ያለው የገንዘብ ጣጣ ነው። የመዳብ ዘንጉ፣ ባለ 4ቱ ሽቦ፣ ብሬከሩ ተደምሮ ለሰባት በር ተካፈለ። ሁለት ተከራዮች አንከፍልም አሉ። አንደኛው «እኔ እንጀራ የምገዛው ከሱቅ ነው፤ ምጣዱ ምኔ ነው?» አለ። ክርክሩ ሁለት ማታ ፈጀ፤ በየትኛውም ክርክር ላይ ልጂቱ አልነበረችም፤ ማታ ማታ ትምህርት ላይ ናት። ይህ ብዙ ጊዜ ይከነክነኛል። ባለሙያውን የሚመርጠው ሌላ፣ ዋጋ የሚከራከረው ሌላ፣ ሳሎን ቁጭ ብሎ «በራ» የሚለው ሌላ፤ እጇን አርጥባ ላሜራውን የምትነካው ሌላ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810 የኤሌክትሪክ ሥራ ለሚሠሩ ሰዎች የብቃት ማረጋገጫ እንዲሰጥ ደንግጓል፤ ወረቀቱን መጠየቅ ደግ ነው፣ እኔም ጠይቁ እላለሁ። ወረቀት ግን ሰውየው መጀመሪያ ማንን አስጠርቶ እንደሚያነጋግር አይነግራችሁም።

በመጨረሻ እትዬ የሁለቱን ድርሻ ከራሳቸው ሞሉ። ሽማግሌው ከቧንቧው አጠገብ እርጥብ አፈር መርጠው ዘንጉን ቀበሩ፣ ዙሪያውን ከሰልና ጨው ሞሉበት። ከሰሉ እርጥበት እንዲይዝ ነው፤ ጎረቤት ግን ጠንቋይ የመጣ መስሎት በአጥር ያይ ነበር። ለምጣዱ ለብቻው ወፍራም መስመር ዘረጉለት። ያ ወፍራም የፊውዝ ሽቦ ወጥቶ በቦታው ልኩ ገባ። ከሄዱ በኋላ ቀና ብለን አምፑሉን አየነው፤ እንደ ድሮው ነው፣ ቅንጣት አልጨመረም። ከተከራዮቹ አንዱ «ታዲያ ይኸ ሁሉ ገንዘብ የት ገባ?» ብሎ ጠየቀ።

ሲሰናበቱ አደራውን የሰጡት ለእትዬም ለእኔም አልነበረም። ልጂቱን ወደ ሣጥኑ ወስደው አንዲት ትንሽ ቁልፍ አሳዩዋት፤ በወር አንድ ጊዜ ተጫኛት፣ ወዲያው ካልቆረጠች ጥሪኝ፣ ዝናብ ሲሆን እየቆረጠች ብታስቸግርም ጥሪኝ እንጂ ማንም እንዲነቅላት እንዳትፈቅጂ አሏት። ወር በገባ በአንደኛው ቀን፣ ብዙ ጊዜ ልክ እትዬ ድራማቸውን ሲያዩ፣ ቀጭ ታደርጋታለች። ሰባቱም በር ይጨልማል። «ኧረ መብራት ሄደ!» ብሎ ግቢው በሙሉ ይጮኻል፣ እኔም መጽሐፌን ይዤ በጨለማ እቀመጣለሁ፤ እሷ በማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ትንሽ ትስቅና መልሳ ታበራዋለች።