ባቡር ዳገት አይወድም

ሰሜን ቨርጂኒያ የምትኖሩ ወገኖች ዳብሊው ኤንድ ኦዲ የሚባለውን የእግር መንገድ ሳታውቁት አትቀሩም። ከአርሊንግተን ተነስቶ በፎልስ ቸርች፣ በቪየና፣ በሊስበርግ አድርጎ ፐርስልቪል ድረስ ይዘልቃል። 45 ማይል፣ ማለትም 72 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ድሮ ባቡር ይሄድበት ነበር።

እናቴ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ጉልበቷን ስለሚያማት ዳገት አይሆንላትም። እዚህ ግን ነጠላዋን አጣፍታ ከእኔ እኩል ትሄዳለች። ባቡር ዳገት ስለማይወድ የያኔዎቹ ሠራተኞች ኮረብታውን ቆርጠው፣ ጎድጓዳውን በአፈር ሞልተው ነው ያለፉት። ክላርክስ ጋፕ የእግር መንገዱ ከፍተኛ ቦታ ነው፤ መንገዱ ቀስ እያለ ስለሚወጣ እዚያ መድረሳችን እንኳ አልታወቀንም። በድንጋይ ቅስት ድልድይ ሥር ስናልፍ እናቴ ቆመች፤ መዳፏን ጥርቡ ድንጋይ ላይ አሳርፋ «የሠራው እጅ ይባረክ» አለች።

እኔን ግን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ መሬቱ ሳይቆራረጥ መቆየቱ ነው። ባቡሩ በ1968 እ.ኤ.አ. ሲቆም መስመሩን የገዛው የኤሌክትሪክ ኩባንያ ነበር፤ ምሰሶዎቹ ዛሬም ከመንገዱ ጎን ጎን ይሄዳሉ። በአንድ እጅ ስለቆየ ለየጎረቤቱ አልተሸነሸነም። ኋላ የአካባቢው የፓርኮች ባለሥልጣን ከኩባንያው ገዛው፤ መንገዱም በ1988 እ.ኤ.አ. ፐርስልቪል ደረሰ። ያኔ ተቆራርሶ ተሸጦ ቢሆን ኖሮ፣ ያን ቀጭን መሬት መልሶ የሚገጣጥመው ገንዘብ ከየት ይመጣ ነበር?

ይህን ሳስብ ልቤ ወደ አገር ቤት ይሄዳል። ከጅቡቲ አዲስ አበባ የተዘረጋው አሮጌው ሐዲድ 784 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለገሃር የደረሰው በ1917 እ.ኤ.አ. ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የራሱ መስመር አለው። አሮጌው ሁሉ መናፈሻ ይሁን አልልም፤ ባቡር ሊመለስበት የሚችል ቦታ ካለ ለባቡር ይቆይ። ግን ከቢሾፍቱ እስከ ሞጆ ያለው ብቻ እንኳ ሳይቆረስ ቢጠበቅ፣ ተማሪ ከመኪና ተገላግሎ ይሄድበታል፣ ገበያተኛ አህያውን ይነዳበታል፣ የአዲስ አበባ ሰው ቅዳሜና እሁድ ወጥቶ ይተነፍስበታል። ጣቢያዎቹ ሻይ ቤት ቢሆኑ ደግሞ ለአካባቢው ወጣት ሥራ ነው። ለዚህ አስፋልት እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ጠጠርም ይበቃል። የሚያስፈራኝ አጥር ነው። አንድ ቦታ ላይ አንድ አጥር ከገባ፣ መንገደኛው ከዚያው ይመለሳል።

በቢሾፍቱና በሞጆ አካባቢ በመሬት አስተዳደር ወይም በከተማ ፕላን ሥራ ላይ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የአሮጌው ሐዲድ መሬት ዛሬ በማን እጅ እንዳለና በፕላኑ ላይ ምን ተብሎ እንደተያዘ ብትጽፉልኝ ትልቅ ውለታ ነው።