ነዳጁ ድንበር ይሻገራል፣ እኛ እንሰለፋለን

ወለንጪቲ ዋናው መንገድ ዳር ትንሽ የቆመ ሰው የአገሩን የነዳጅ ጉዳይ በዓይኑ ያየዋል። ከጅቡቲ የሚመጣው ቦቴ ሞልቶ፣ ጭነቱ ከብዶት ወደ አዳማና አዲስ አበባ ያዘግማል። ያራገፈው ደግሞ ባዶውን እየተንኳኳ ወደ መተሐራና አዋሽ ይወርዳል። በሁለቱ መሀል፣ ግራር ጥላ ሥር፣ ቤንዚን ያጣ ባጃጅ ቆሟል፤ ሾፌሩም ኋላ ወንበር ላይ እግሩን ሰቅሎ ተኝቷል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው እንዲህ ያለው ሲገጥም ነው።

*

ድንበር ተሻግሮ ርካሽ ነዳጅ መቅዳት ያዋጣል ወይ? አውሮፓ ውስጥ ይህ ጥያቄ የሂሳብ ጉዳይ ነው። የፈረንሳይ፣ የቤልጂየምና የጀርመን ሾፌሮች የነዳጅ ግብሯ ዝቅ ወዳለው ሉክሰምበርግ ገብተው ሞልተው ይመለሳሉ። መንገዱ አጭር ነው፣ ድንበሩ ክፍት ነው፣ ማደያው ላይም ነዳጅ አለ። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ጥቅሙ ይተናል። ከሦስቱ ሁለቱ ሲጎድሉ ምን እንደሚሆን ደግሞ እኛን መጠየቅ ነው።

*

እኛ ዘንድ ድንበር የሚሻገረው ገዢው ሳይሆን ነዳጁ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አንድ ሊትር ቤንዚን 101 ብር ከ47 ሳንቲም ነበር። በዚያው ወር ናይሮቢ ላይ 176 ሽልንግ ከ58 ሳንቲም ይሸጥ ነበር፤ በጊዜው ምንዛሪ ከ165 ብር በላይ ማለት ነው። አንዱ ከተማ ለሁለት አገር በተከፈለበት ሞያሌ፣ ይህን ልዩነት አይቶ ጀሪካን የማያነሳ ሰው ቢገኝ ወይ ጻድቅ ነው፣ ወይ ጀሪካን የለውም።

*

ልዩነቱ በሊትር 65 ብር ነው እንበል። ሃያ ሊትር ጀሪካን በአህያ የሚያሻግር ሰው 1,300 ብር ያገኛል፤ ከዚያ ላይ የአህያውን፣ የደላላውንና ዓይቶ እንዳላየ የሚያልፈውን ሰው ድርሻ ያነሳል። 45 ሺህ ሊትር የጫነ ቦቴ መንገዱን ቢስት ግን ልዩነቱ ወደ 2.9 ሚሊዮን ብር ነው። ዜና ላይ «በቁጥጥር ሥር ዋለ» ተብሎ ፎቶ የሚነሳው ብዙውን ጊዜ ጀሪካኑ ነው።

*

ለወለንጪቲ ሰው ሞያሌም ጅቡቲም ሩቅ ናቸው። የሱ ድንበር ማደያው ደጃፍ ላይ የተዘረጋው ገመድ ነው። ከገመዱ ወዲያ የመንግሥት ዋጋ አለ፣ ከገመዱ ወዲህ የጀሪካን ዋጋ አለ። በሁለቱ ዋጋዎች መሀል ያለው ርቀት አንዳንድ ቀን በሁለት አገሮች መሀል ካለው ይሰፋል፤ ፓስፖርቱም ሰው ማወቅ ነው።

*

«አዳማ ማደያ ገብቷል» የሚል ወሬ ሲሰማ ባጃጁ ይነሳ እንደሆነ በጥር 2017 ዋጋ እናስላ። ደርሶ መልስ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ነው። በአንድ ሊትር 30 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ መንገዱ ብቻ ወደ 170 ብር የሚጠጋ ቤንዚን ይበላል። ስምንት ሊትር በ101 ብር ከ47 ቀዳ፤ የጀሪካኑ ደግሞ ሊትሩ 150 ብር ነበር እንበል። ያተረፈው 388 ብር ነው። የመንገዱ ሲነሳለት ከ220 ብር የማይበልጥ በእጁ ይቀራል። ሰልፉ ግማሽ ቀን ከወሰደበት፣ ከመስመርህ ለምን ወጣህ ብሎ ያስቆመው ትራፊክም ከተጨመረ፣ ሰውዬው ከስሯል። ደርሶ «አሁን አለቀ» ከተባለማ ሂሳቡን ለእግዜር መተው ነው።

*

ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ፣ ከግንቦት 1 ቀን 2015 ጀምሮ ደግሞ በመላ አገሪቱ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መቅዳት ቀርቶ ክፍያው በስልክ ሆነ። እያንዳንዷ ሊትር ትመዘገባለች ተባለ፤ ተመዘገበችም። ሞተረኛው ግን ተሰልፎ በቴሌብር ከፍሎ በሕጉ ይቀዳል። ከዚያ ከአጥሩ ጀርባ ዞሮ የላስቲክ ቱቦ ይከታል፣ በአፉ ስቦ የመጀመሪያውን ጉንጭ ይተፋል፣ ቀሪውን ጀሪካን ውስጥ ይለቃል። አፉን በእጁ ጀርባ ጠርጎ ወደ ሰልፉ ይመለሳል። መዝገቡ ላይ ሁሉም ነገር ትክክል ነው።

*

የጀሪካን ነጋዴው ዕቃ ቀላል ነው። ውሃ የነበረበት ሃይላንድ፣ ከሌላ ሃይላንድ አንገት የተቆረጠ ማንቆርቆሪያ፣ አንድ የጨርቅ ማጣሪያ። ገዢው ሃይላንዱን ወደ ፀሐይ አንስቶ ቀለሙን ያያል፤ ላምባ ተደባልቆበት እንደሆነ ሊያውቅ ነው። ልኩን ግን አይጠይቅም። ሊትር ተብሎ የሚሸጠው ሃይላንድ አፉ ድረስ መሙላቱን አይቶ ደስ ይለዋል፤ ታቹ በእሳት ሞቆ ወደ ውስጥ መግባቱን አያይም።

*

«ጋሼ፣ ከትናንቱ ሃያ ብር ይጨምሩ» አለ የባጃጁ ሾፌር።

«ነዳጅ ጨመረ እንዴ ልጄ? ሬዲዮው አላለም።»

«ሬዲዮው የሚያወራው የማደያውን ነው ጋሼ። እኔ የቀዳሁት ከጀሪካን ነው።»

ሽማግሌው ጨመሩ። መኪና የላቸውም፣ ባጃጅ የላቸውም፤ ገበያ ወርደው ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ይዘው እየተመለሱ ነው። የድንበሩ ዋጋ መጨረሻ የሚያርፈው እሳቸው ላይ ነው፤ ሽንኩርቱም ቢሆን በእግሩ አልመጣም።

*

በ2017 የወጣው የነዳጅ ግብይት አዋጅ ነዳጅን በጀሪካን በሚቸረችረው ላይ ቅጣቱን አጥብቋል። ጥሩ ነው። ነገር ግን ከአዋሽ ውሃ ስቦ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚያጠጣው ገበሬ የውሃ ሞተሩን ተሸክሞ ማደያ ሊሰለፍ አይችልም፤ የግድ ጀሪካን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ደብዳቤ ያስጽፋል፣ ማኅተም ያስመታል፣ ይመላለሳል። ኮንትሮባንዲስቱ ደብዳቤ አያስፈልገውም። ችግኙም ደብዳቤው እስኪፈረም አይጠብቅም።

*

የማደያ ባለቤቶች ለዓመታት «በሊትር የሚተውልን ትርፍ ከሳንቲም አይዘልም» ሲሉ ኖረዋል። ለብዙ ጊዜም እውነት ነበራቸው። በሕጉ የሸጠ ጥቂት ሲለቅም፣ በጓሮ የሸጠ በአንድ ሊትር አሥሮች ብር የሚያፍስ ከሆነ፣ ገበያው ራሱ ሌብነትን እያስተማረ ነው። ይህን በስብከት ብቻ ማስጣል አይቻልም።

*

ቤኒን መንገዶች ዳር የናይጄሪያ ቤንዚን በጠርሙስ ተደርድሮ ይሸጣል፤ «ክፓዮ» ይሉታል። ለብዙ ዓመታት ድጎማውን የናይጄሪያ መንግሥት ከፈለ፣ ርካሹን የቤኒን ሞተረኛ ነዳ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ፕሬዚዳንት ቦላ ቲኑቡ ድጎማው አበቃ ሲሉ የክፓዮ ዋጋም አብሮ ተተኮሰ። ወታደርና ኬላ ለዓመታት ያላቆሙትን ንግድ አንድ የዋጋ ለውጥ አንገዳገደው። የናይጄሪያ ድሃ ግን ያንኑ ሰሞን የታክሲ ሂሳቡ ናረበት። ኮንትሮባንድን በዋጋ መግደል ይቻላል፤ ጥይቱ ግን ሁለቱንም ወገን ያገኛል።

*

እኛም በዚያው መንገድ ላይ ነን። በ2014 መጨረሻ ድጎማው ለሁሉም መሆኑ ቀርቶ ለሕዝብ ማመላለሻ ብቻ እንዲሆን ሲወሰን ቤንዚን 47 ብር ከ83 ነበር፤ ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ መቶን አለፈ። ዋጋው ሲጨምር የተነገረን አንዱ ምክንያት ርካሹ ነዳጅ ወደ ጎረቤት ይሸሻል የሚል ነው። ዋጋው ጨመረ፤ ብርም ከሐምሌ 2016 ወዲህ ረከሰና የጎረቤት ዋጋ በብር ሲመነዘር እንደገና ከፍ አለ። ነዳጁን የሚጠራው ልዩነት እንዳለ ነው፤ የጀሪካኑ ሰልፍም እንዲሁ።

*

ታዲያ ያዋጣል ወይ? ቦቴ ላለውና ኬላ ላይ ዘመድ ላለው ያዋጣል። ለባለ ጀሪካኑ የቀን እንጀራ ነው፤ እስኪያዝ። ስምንት ሊትር ለሚቀዳ ሰው ግን ሞያሌም ሆነ አዳማ አያዋጣውም። እሱን የሚያዋጣው የተባለው ዋጋ የተባለው ማደያ ላይ ሲገኝ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚመለከታችሁ ሆይ፣ ከሚቀጥለው የዋጋ ማስታወቂያ ጋር አንድ መስመር ጨምሩልን፦ በዚህ ዋጋ ነዳጁ የትኛው ማደያ፣ በስንት ሰዓት ይገኛል?