ወዴት ልሂድ?

ዘንድሮ ሮቤ ካምፓስ ውስጥ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሁለት ሦስት ሆኖ በተቀመጠበት ሁሉ ወሬው አንድ ነው፤ «ወዴት ልትሄድ አሰብክ?» አንዱ ቱርክ ይላል፤ ሌላው ቻይና፤ ሦስተኛው «ቪዛ የሰጠኝ አገር አገሬ ነው» ብሎ ያስቃል። «ምን ልትማር?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። የአገሩ ስም የትምህርቱን ስም ቀድሞታል።

እኔ የታሪክ ተማሪ ነኝና ነገሩን ወደ ኋላ ሄጄ ላየው ወደድኩ። አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ ሲላክ የታሰበለት የማዕድን ምህንድስና ነበር። አገሩም ትምህርቱም ተመርጦለታል። ልጁ ግን ሥዕልን መረጠ። ዛሬ አዲስ አበባ፣ በአፍሪካ አዳራሽ መስኮቶች ላይ የምናየው ያን ምርጫ ነው። በደርግ ዘመን ደግሞ ብዙ ወጣት ወደ ሶቪየት ኅብረት፣ ወደ ምሥራቅ ጀርመንና ወደ ኩባ ሄዷል፤ አገሩን የመረጠለት የጊዜው ፖለቲካ ነው። የእኛ ትውልድ ራሱ ይመርጣል ይባላል። ታዲያ በምን ይምረጥ?

የራሴን ጉዳይ ላውጋችሁ። ሚኒሶታ ያለችው አክስቴ «ና፣ ነርሲንግ ተማር፤ የመጀመሪያውን ክፍያ እኔ እችልልሃለሁ» ብላኛለች። ነርስነት የተከበረ ሙያ ነው፤ ለቤተሰብም እንጀራ ነው። ልቤ ግን ሌላ ዘንድ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ2019 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት ፊንጫ ሀበራ ስለሚባል ዋሻ ይተርካል። ዋሻው እዚሁ በባሌ ተራሮች፣ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች እዚያ እሳት አንድደው፣ ፍልፈል ጠብሰው በልተው፣ ከላይ ከተራራው ባልጩት አምጥተው መሣሪያ ሠርተዋል። ጥናቱን የመሩት የጀርመኑ ኮሎኝ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው፤ ኢትዮጵያውያንም አብረው ሠርተዋል። እኔ ጎባ ተወልጄ ያደግኩት የገዛ ተራራዬን ታሪክ የሰማሁት ከኮሎኝ ነው ማለት ነው!

«ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ይባላል። ልክ ነው። ወይፈን ግን ሳይገራ አያርስም። የሚገራኝ ኮሎኝ ከሆነ ኮሎኝ እገራለሁ።

ሒሳቡስ? ብዙዎቹ የጀርመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። ቪዛ የሚጠይቅ ተማሪ ግን የአንድ ዓመት መኖሪያውን በዝግ ሒሳብ አስቀምጦ ማሳየት ይችላል፤ ልኩም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ወደ 11,904 ዩሮ ከፍ ብሏል። የብር ምንዛሪ ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ብራችን ክፉኛ ወርዷል። ከሪራ በታች በሀረና ጫካ ቡና የሚለቅመው አጎቴ ቁጥሩን ሲሰማ ሳቀና «እኔ ለቅሜ፣ ልጄ ለቅሞ፣ የልጅ ልጄ ለቅሞ ይሞላ እንደሆን እንጃ» አለኝ። ስለዚህ ያለ ስኮላርሺፕ ኮሎኝ የለም።

የቆረጥኩት እንዲህ ነው። መጀመሪያ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አርኪዮሎጂ እማራለሁ፤ ማታ ማታ ጎተ ተቋም ጀርመንኛ እቆጥራለሁ፤ ከዚያ ስኮላርሺፑን እወዳደራለሁ። ባይሳካስ? ተራራው አይሸሽ፤ አዲስ አበባ የቀሰምኩትን ይዤ እመለስበታለሁ። ወዳጆቼ፣ እናንተም አገር ከመምረጣችሁ በፊት ማወቅ የምትሹትን ምረጡ፤ መምህሩ ያለበትን አገር እሱ ራሱ ይነግራችኋል።

ለአክስቴ አመስግኜ ጽፌላታለሁ። እማዬ ግን «እንጀራ ትተህ ድንጋይ ልትማር?» ብላ ይኸው ሦስት ቀኗ፣ ቡና ስታቀርብልኝ እንኳ ቀና ብላ አታየኝም።