በጀልባ ላይ አንቱታ የለም
ሁለት ቀን በዲፕ ክሪክ ሐይቅ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምንኖር ሐበሾች በሰመር ቅዳሜና እሑድ የት እንደምንገኝ የታወቀ ነው። ወይ ሰርግ ቤት፣ ወይ ምርቃት ቤት፣ ወይ ፓርክ ውስጥ ሥጋ እየጠበስን ነው። ሐይቅ ላይ ሸራ ዘርግቶ በንፋስ መወዳደር ግን "የነሱ ነገር" ተብሎ የተተወ ነው። ባለፈው ሐምሌ አራት ቤተሰብ ሆነን፣ ከነድንኳናችንና ከነጀበናችን፣ ይህንኑ "የነሱ ነገር" ልንሞክር ወደ ዲፕ ክሪክ ሐይቅ ወጣን። ስምንት ወላጆች፣ ዘጠኝ ልጆች፣ በተጨማሪም ለልጅ ልጃቸው ምርቃት ከባሕር ዳር የመጡ አንዲት እማማ። እንዴት እንደነበረ ላጫውታችሁ።

መንገዱ

ሐይቁ ያለው በሜሪላንድ ምዕራባዊ ጫፍ፣ ጋሬት ካውንቲ ውስጥ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ሦስት ሰዓት ገደማ ያስነዳል። በ270 ወደ ፍሬደሪክ፣ ከዚያ በ70 እስከ ሃንኮክ፣ ከሃንኮክ በ68 ወደ ምዕራብ ትነዳላችሁ። መውጫ 14 ላይ ስትደርሱ በ219 ወደ ደቡብ ትታጠፋላችሁ።

ሃንኮክን አለፍ እንዳላችሁ ሳይድሊንግ ሂል የሚባል ተራራ አለ። መንገዱን ለማሳለፍ ተራራው 104 ሜትር ያህል ወደ ታች ተቆርጧል። መኪና ማቆሚያ ስላለው ልጆቹን አውርዳችሁ አሳዩአቸው። የድንጋዩ ንብርብር መሐሉ ሰምጦ ዳርና ዳሩ ወደ ላይ ይታጠፋል። ከእኛ ልጆች አንዱ "እንጀራ ደራርበው ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ የከተቱት ይመስላል" አለ። ከዚህ የተሻለ የጂኦሎጂ ትምህርት እኔ አልሰማሁም።

ሐይቁና ጀልባዎቹ

ዲፕ ክሪክ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 ለኤሌክትሪክ ኃይል ሲባል ወንዙ ተገድቦ የተፈጠረ ሲሆን፣ ስፋቱ 3,900 ኤከር ወይም 16 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለሜሪላንድ ከሰው ሠራሽ ሐይቆቿ ሁሉ ትልቁ ነው። እማማ ግን ዳር ቆመው ግራ ቀኝ አዩና "ሐይቅ ሐይቅ የምትሉት ይቺን ነው?" አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ጣና ከዚህ ከመቶ እጥፍ በላይ ይሰፋል። ከባሕር ወለል 750 ሜትር ከፍታ ላይ መሆኑም ከጣና ግማሹን እንኳ አይሞላም። ለዲሲ ሰው ግን ይህች ከፍታ ትልቅ ነገር ናት፤ ሐምሌ ላይ ከተማው ሲነድ እዚያ ማታ ሹራብ ያስለብሳል።

ከጓደኞቻችን አንዱ ታክሲ ነጂ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የጀልባ ኮርስ ወስዶ አሁን አሠልጣኛችን ሆኗል። ከሚያውቃቸው ሰዎች ሦስት ሰንፊሽና አንድ ኦፕቲሚስት ተውሶ በተጎታች ይዞልን መጣ። ሰንፊሽ 4 ሜትር ከ20 ገደማ ርዝመት ያላት፣ 54 ኪሎ ገደማ የምትመዝን፣ አንድ ሸራ ብቻ ያላት ጠፍጣፋ ጀልባ ናት። ሁለት ሰው ተጠጋግቶ ይይዛታል። ኦፕቲሚስት ደግሞ የልጆች ጀልባ ናት። እ.ኤ.አ. በ1947 ፍሎሪዳ ውስጥ ክላርክ ሚልስ የሚባል ጀልባ ሠሪ ልጆች በርካሽ እንዲወዳደሩባት ብሎ ከጣውላ የሠራት ሲሆን፣ ዛሬ በመላው ዓለም ሕፃናት ጀልባ መንዳት የሚለምዱባት እሷ ናት።

ልጆቹ ወዲያው ስም አወጡላቸው። ሦስቱ ሰንፊሾች ጣና፣ ዝዋይና ላንጋኖ ተባሉ። ትንሿ ኦፕቲሚስት ሽሮ ተባለች፤ ለምን እንደሆነ የጠየቀ የለም።

አራት ቃል

ከመወዳደራችን በፊት አሠልጣኙ ሁላችንንም ሳር ላይ አስቀመጠን። በሸራ ጀልባ ወደ ንፋሱ ፊት ለፊት መሄድ አይቻልም። ንፋሱን አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ እየተቀበሉ፣ ዳገት በጠመዝማዛ መንገድ እንደሚወጣ ሰው መሄድ ነው። ሸራው ላይ ያለውን ገመድ ሲስቡ ጀልባዋ ትፈጥናለች፤ ንፋሱ በርትቶ ስትጋደል ገመዱን ሲለቁ ንፋሱ ከሸራው ያመልጥና ጀልባዋ ቀና ትላለች። ጀልባዋ ስትዞር ሸራውን የያዘው አግዳሚ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው በጭንቅላት ደረጃ ስለሚወረወር ጎንበስ ማለት ግድ ነው።

መሪውን የሚይዙት ልጆች፣ ገመዱን የሚይዙት ወላጆች እንዲሆኑ ተወሰነ። እዚህ ላይ ችግር መጣ። ልጆቹ ትእዛዙን የሚያውቁት በእንግሊዝኛ ነው፤ እኛ ደግሞ እነዚያን የጀልባ ቃላት በእንግሊዝኛም አናውቃቸውም። ስለዚህ ሕግ አወጣን፤ ውሃ ላይ የሚነገረው አማርኛ ብቻ ነው፣ ቃላቱም አራት ናቸው። ሳብ! ልቀቅ! ዙር! ጎንበስ!

ሁለተኛው ችግር ከዚህ የባሰ ነበር። አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በልምምዱ ላይ የአባቱን ጓደኛ "ጋሼ፣ እባክዎ ገመዱን ይልቀቁ" ብሎ ሳይጨርስ ጣና ተገለበጠች። በደንብ የተቀጣ ልጅ ነው፣ ምን ያድርግ? ጉዳዩ ለእማማ ቀረበ። እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው አሰቡበትና ፈረዱ። "በጀልባ ላይ አንቱታ የለም። መሬት ስትረግጡ ግን ቦታው ይመለሳል።" ልጆቹ በጭብጨባ ተቀበሉት። ከዚያ ወዲያ በሐይቁ ላይ "ጋሼ ጎንበስ!" የሚል ጩኸት ብቻ ነበር የሚሰማው።

መገልበጡን አትፍሩት፤ ለትምህርቱም ያስፈልጋል። ዳር አካባቢ፣ ላይፍ ጃኬት አድርገን ሆን ብለን እየገለበጥን ተለማመድን። ሕጉ አጭር ነው። ከጀልባዋ አትራቁ፤ እሷ አትሰምጥም። ከሆዷ ሥር የወጣውን ጣውላ ይዛችሁ በክብደታችሁ ወደ ታች ስትጫኑት ቀስ ብላ ትነሣለች።

እናትና ልጅ

አንዷ ጓደኛችን ነርስ ናት። ልጅ እያለች አጎቷን ውሃ ወስዶባታል፤ ከዚያ ወዲህ ከጉልበት በላይ ውሃ ገብታ አታውቅም። የ11 ዓመት ልጇ ግን በብርዱ ወራት በካውንቲው መዋኛ ዋና ተምራ፣ ለዚህ ቀን ስትዘጋጅ ነው የከረመችው። ቅዳሜ ጠዋት እናትየው "አልችልም፤ ዳር ሆና ትጫወት" አለች። ልጅቷ አላለቀሰችም፣ አልተጨቃጨቀችም፤ ላይፍ ጃኬቷን እንዳደረገች ሽሮ ውስጥ ገብታ መሬት ላይ ተቀመጠች።

እማማ ነርሷን ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጧት። ስለ ታንኳ አወሩላት። በልጅነታቸው ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር እንጨት የጫኑ የደንገል ታንኳዎች ሲመጡ ያዩ ነበር። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ታንኳው ከጉዞ በኋላ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ ቀዛፊው ሰማዩን ሳያይ አይነሣም። "ልጄ፣ ውሃ የሚጎዳው የናቀውን ነው። እናንተ መች ናቃችሁት? ይኸው ልጅቱ ተምራለች፣ ጃኬቱም አለ፣ ሰውም ሞልቷል" አሏት። ነርሷ ብዙ ዝም አለች። ከዚያ "እሺ፤ ግን አብሬያት ነው የምገባው" ብላ ተነሣች።

ውድድሩ

በጀልባ ውድድር መነሻው በጡሩንባ ነው። አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣ አራት ሲቀረው፣ አንድ ሲቀረው ይነፋል፣ ከዚያ መነሣት ነው። በእኛ ሦስት ሰዓት፣ በአሜሪካኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጡሩንባው ተነፋ። የሐበሻ ቀጠሮ የለመደ አንድ አባት ቡናውን ይዞ ሲመጣ ሌሎቹ ሄደዋል፤ ልጁ ደግሞ ጀልባዋ ውስጥ ብቻውን ቁጭ ብሎ በአማርኛ ሲናደድ ነበር። አማርኛው እንደዚያ ቀን ጠርቶ አያውቅም።

ሁለት ተንሳፋፊ ምልክቶች ዞሮ መመለስ ነው ጉዞው። ሁለት ጀልባ ሲገናኝ ንፋስ በቀኝ ጎኗ የሚመታት ቅድሚያ አላት፣ ሌላዋ ትለቃለች። ነጥቡ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ አንደኛ 1፣ ሁለተኛ 2፣ ሦስተኛ 3 ያገኛል፣ በመጨረሻ ትንሽ ነጥብ ያለው ያሸንፋል። በየዙሩ ቤተሰቡ ይቀያየራል። በመጨረሻ የወጣ የማታውን ሳህን ያጥባል። አሠልጣኙ በተከራየናት ባለ ሞተር ጀልባ ከኋላ እየተከተለ ይጠብቀናል።

በሁለተኛው ዙር እናትና ልጅ ላንጋኖ ላይ ወጡ። እናትየው ገመዱን በሁለት እጇ ጨብጣ ዓይኗን ከልጇ ፊት አልነቀለችም። በተራሮች መካከል ያለ ሐይቅ ንፋሱ አይታመንም፤ ዝም ብሎ ቆይቶ ከአንዱ ሸለቆ ድንገት ይወጣል። መጀመሪያውን ምልክት ሊዞሩ ሲሉ መጣ። ላንጋኖ ተጋደለች፣ የአንድ ጎኗ ጠርዝ ውሃ ገባ። እናትየው በድንጋጤ ገመዱን ይበልጥ ጨበጠችው። ዳር ያለነው ሁሉ ተነሥተን ቆምን።

"እማዬ ልቀቂ!" አለች ልጅቷ። አልጮኸችም፤ ጠንከር አድርጋ ነው ያለችው። እናትየው ለቀቀች። ሸራው ተርገበገበ፣ ጀልባዋ ቀና አለች። "አሁን ሳቢ፣ ቀስ ብለሽ።" ሳበች። ሦስተኛ ወጥተው ሲመለሱ ነርሷ ከወገብ በታች ርሳ፣ እየሳቀች ነበር። "ሥራ ቦታ እኔ ነኝ ሰው የማዝዝ" አለች፤ "ቤት ስደርስ ደግሞ የባንኩን ደብዳቤ፣ የትምህርት ቤቱን ወረቀት እሷ ታነብልኛለች፤ እሱ ያሳፍረኝ ነበር። ዛሬ ግን ስታዘዛት ደስ አለኝ።" ሳህኑን ያን ማታ እናትና ልጅ አብረው አጠቡ።

ድንኳን፣ ድብና ነጎድጓድ

ያረፍነው በሐይቁ የስቴት ፓርክ ካምፕ ነው። ራት ቋንጣ ፍርፍርና ከቤት ተሠርቶ የመጣ ዶሮ ወጥ ነበር። አካባቢው ጥቁር ድብ አለው፤ ስለዚህ ምግብ፣ የጥርስ ሳሙና ሳይቀር፣ ማታ ማታ መኪና ውስጥ ይቆለፍበታል። "ድቡ አንዴ ዶሮ ወጥ ከቀመሰ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ይከተለናል" ብለን ልጆቹን አስፈራራናቸው፤ እነሱ ግን ይምጣ ባዮች ነበሩ። ቡና ሲቆላ ከጎረቤት ድንኳን ሁለት ሽማግሌ ባልና ሚስት ሽታው ጠርቷቸው መጡ፤ እስከ በረካ አልተነሡም።

እሑድ ሁለት ዙር አስበን አንዱን ብቻ ሮጥን። ነጎድጓድ ተሰማ። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ነጎድጓድ የሰማ ከውሃ ይወጣል፣ የመጨረሻው ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ይጠብቃል። መኪና ውስጥ ተጨናንቀን ነጥብ ደመርን። ያሸነፈችው ዝዋይ ላይ የነበረች የ13 ዓመት ልጅና ጡሩንባው ያመለጠው ያ አባት ናቸው፤ ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ቡናውን ትቶ ነበር። ሽልማቱ እማማ በእጃቸው የሠሩት አንድ ከረጢት ዳቦ ቆሎ ነበር፤ ፍሮስትበርግ ሳንደርስ አለቀ።

ለመሄድ ካሰባችሁ

ላይፍ ጃኬት፦ በሜሪላንድ ሕግ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከ21 ጫማ ባጠረ ጀልባ ሲጓዝ የግድ ማድረግ አለበት። እናንተም አድርጉ፤ በተለይ ዋና የማትችሉ።

ዋና፦ ልጆቹን በብርዱ ወራት አስመዝግቡ። ለወላጆችም ክፍል አለ፤ ነርሷ ጓደኛችን ለመጪው ዙር ተመዝግባለች።

ሰዓት፦ ቀትር ላይ ባለ ሞተር ጀልባዎች ሐይቁን ያናውጡታል። ለጀማሪ ጠዋት ይሻላል፤ ንፋሱ ለስላሳ፣ ውሃው ጸጥ ያለ ነው።

እንጨት፦ ከቤት አትውሰዱ፣ እዚያው ግዙ። ከሩቅ የመጣ እንጨት ዛፍ የሚያደርቁ ነፍሳትን ይዞ ይሄዳል።

ልብስ፦ ሹራብና ወፍራም ብርድ ልብስ ያዙ፤ ሐምሌም ቢሆን።

ቦታ፦ የካምፑ ቦታ በሰመር ቶሎ ይያዛል። አስቀድማችሁ ያዙ፤ ይህ በሐበሻ ቀጠሮ የሚሆን አይደለም።